የጾም ተብሎ የታሸገ ሞራ

በሁዳዴ ጾም፣ በቁይ ከተማ ገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ሞራ በልቻለሁ። ረስቼ አይደለም፤ ታምሜም አይደለም። የምበላው ሞራ መሆኑን በዚያ ገበያ ከቆመው ሰው ሁሉ ይልቅ አጥርቼ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ነገሩ በሰው አፍ ሲዞር ብዙ መልክ ስለ ወጣለት፣ እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወስኛለሁ።

በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ኬሚስትሪ ነው። የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት የምግብ ናሙና በመመርመር ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎመንና ካሮት እየተከልሁ ተቀምጬ ነበር። መንገዱ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ወደ ከተማው የሚገባው የታሸገ ምግብ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትንና ሐሰተኛ ጽሑፍ የተለጠፈበትን ምግብ የሚቆጣጠር ግብረ ኀይል ተቋቋመ፤ እኔም በጊዜያዊ ውል ተጠራሁ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ሥራው ጽሑፍ የማንበብ ሥራ ይመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነጋዴ ያሸግሁትን በር በመጥረቢያ ፈለጠው፤ ሊከለክለው የሞከረውን ፖሊስም በዚያው በመጥረቢያው እጀታ ክንዱን ሰበረው። የተሸጠው ያበጠ ሰርዲን ነበር። ሰው ስለ ሰርዲን አጥንት ይሰብራል ብሎ ያስተማረኝ መምህር አልነበረኝም።

ከቁይ የመጣው ጥቆማ ግን ስለ ሰርዲን አልነበረም። አንዲት ሴት በስልክ የተናገረችው ቃል በወረቀት ተጽፎ ደረሰኝ። «በጣሳ የሚሸጠው የጾም ቅቤ ወጡ ሲበርድ እንደ ጧፍ ይደርቃል፤ ላንቃ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ይላል።» ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከአትክልት ዘይት የሚሠራ ቅቤ በአፍ ውስጥ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ላንቃ ላይ የሚለጠፈው ሞራ ነው። ያቺ ሴት መሣሪያ ሳይኖራት የላከችልኝ መረጃ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከማገኘው የማይተናነስ ነበር።

ቁይ የደረስነው በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። ከእኔ ጋር የነበሩት አንድ ሳጅንና የመኪናችን ሾፌር ብቻ ናቸው። ጥቆማው የመራን ከገበያው ዳር ወዳለች አንዲት ሱቅ ሲሆን፣ ባለሱቁ ወደ ዐርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ ትሕትና ያለበት ሰው ነበር። የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ እርሱ ነው። ባለፈው እሑድ ማኅበሩ በእርሱ ቤት ተሰብስቦ፣ ሽሮውም ምስሩም በዚሁ የጣሳ ቅቤ ተሠርቶ ቀርቦ ነበር። ይህን ሳንጠይቀው በኩራት ነገረን።

«ከደብረ ማርቆስ ከአከፋፋዩ ነው የማመጣው ጋሼ። ጽሑፉን ይዩት። ቤተሰቤም እንግዳዬም የሚበላው እርሱን ነው።»

ጽሑፉን አየሁት። የሱፍ አበባ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ «ንጹሕ የአትክልት ቅቤ፣ ለጾም የሚሆን» ይላል። የአምራቹ አድራሻ የለም። የታሸገበት ቀን ከታሰበው መስመር ወጥቶ ተጣምሞ ታትሟል።

በዚያች ሰዓት ከእኔ የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነበር። ሦስት ጣሳ ናሙና መውሰድ፣ በሰም ማሸግ፣ ባለሱቁን አስፈርሞ የወረቀቱን ቅጂ መስጠት፣ የቀረውን ሸሽጎ እንዳይሸጥ ማሳገድ፣ ከዚያም መሄድ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ብቻ ብወሰን ኖሮ የምጽፈው ታሪክ አይኖርም ነበር።

ሰም ሳቀልጥ ሰው ተሰበሰበ። ከሱቁ ፊት ለፊት በርበሬና ኮረሪማ የምትሸጥ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ ታየኝ ነበር።

«እኒህ አባባ ደግሞ ምን ሊያሽጉ ነው?» አለች ለጎረቤቷ፤ እኔ እንድሰማ አድርጋ። «የጣሳውን ጽሑፍ ለማንበብ ሁለት መነጽር የቀያየረ ሰው ውስጡን በምን ያየዋል?»

ሰው ሳቀ።

«መንግሥት ጡረተኛ የሚያስቀምጥበት ቢያጣ ለኛ ላከው» አለ ሌላው ከኋላ።

«ተዉአቸው እባካችሁ፤ አበል እንዲያወጡ ነው።»

ይህን ንቆ ማለፍ የሚችል ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያልተጠራጠረው ሙያ ነበረኝ። ስለዚህ የማይጠየቀውን አደረግሁ፤ እዚያው፣ በሕዝብ ፊት፣ መርምሬ ላሳያቸው ተነሣሁ። ያረጀ፣ ቀላል ዘዴ አለ። ቅባቱ ይቀልጣል፤ የጥጥ ክር ይነከርበታል፤ ክሩ ይለኮስና እፍ ተብሎ ይጠፋል። ከጠፋው ክር የሚወጣው ጢስ የአትክልት ዘይት ከሆነ እንደ ተቃጠለ ቅጠል፣ ሞራ ከሆነ እንደ ሞራ ይሸታል። ዘዴው ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ይህን ለስንት ጀማሪ ባለሙያ እንደ ነገርሁ አላስታውስም።

ደንቡን ጠብቄ ሁለት እማኝ ጠየቅሁ። አንዷ ያቺው በርበሬ ሻጭ ናት፤ ለምላሷ ቅጣት እንዲሆናት ራሴ መረጥኋት። ሁለተኛው በዚያ ሲያልፉ የነበሩ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ የማኅበርተኞቹ የንስሐ አባት እንደ ሆኑ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጣሳው አንድ ማንኪያ አውጥቼ በባለሱቁ የቡታጋዝ ምድጃ ላይ አቀለጥሁ። ክሩን ነከርሁ፤ ለኮስሁ፤ አጠፋሁ። ጢሱን ወደ ሴትዮዋ አፍንጫ አቀረብሁ።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«ይኼማ የቄራ ሽታ ነው» አለች በዝግታ። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ሞራ ነው! እናንተ ሰዎች፣ ሞራ ነው ሲያበላን የከረመ!»

ቄሱ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ቀና አሉ። የፊታቸው ቀለም ተለውጧል።

«የቤተ ሙከራው ውጤት እስኪመጣ ይጠረጠራል ነው የሚባለው» አልሁ። ድምፄን እኔው ራሴ አልሰማሁትም።

እኔ በዚህ አገር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ በሁዳዴ ወተት የነካ ማንኪያ እንደማይልስ አውቃለሁ። ሆኖም በዚያች ሰዓት በአእምሮዬ የነበረው በጣሳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ደንብ መጣሱ ነው። በእነርሱ ዘንድ የተጣሰው ሌላ ነገር ነበር።

«አስገደፈን!» አለ አንድ ወጣት።

«በጾማችን! በማኅበሩ ጽዋ ላይ!»

«የበሬ ይሁን የአህያ ማን ያውቃል!»

የመጀመሪያውን ምት ያሳረፈው የራሱ የባለሱቁ ማኅበርተኛ ነው። ሽመሉን በሁለት እጁ ይዞ ከባንኮኒው በላይ ሰነዘረው፤ የትከሻ አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁት። ደረቅ ድምፅ ነው። ባለሱቁ «ወንድሞቼ፣ እኔም በልቻለሁ እኮ!» እያለ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ ለይቼ ልጽፍ አልችልም። ባንኮኒው ተገለበጠ። ባለሱቁን በእግሩ ይዘው ወደ ገበያው ጎተቱት፤ ራሱ በደፉ ላይ ሲላተም አየሁ። ድንጋይ ፍለጋ የሄደ የለም፤ ጣሳዎቹ ነበሩላቸው። ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ጣሳ በቅርብ ሲወረወር ከድንጋይ አይተናነስም። አንዱ በደረቱ፣ አንዱ በጥርሱ፣ አንዱ ደግሞ በጠርዙ በግራ ዐይኑ ላይ አረፈ። ከጓዳ የወጣች ሚስቱ ላዩ ላይ ተደፋችበት፤ በሹሩባዋ ጎትተው ወደ ጎን ጣሏትና መምታታቸውን ቀጠሉ።

ሳጅኑ በሰደፍ ሁለት ሰው ጣለ፤ ሦስተኛው ከኋላው በዱላ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ዐይኑን እየሸፈነው ጠመንጃውን አቀባበለ። አፈ ሙዙን በእጄ ያዝሁት።

«አትተኩስ!»

«ሊገድሉት ነው ጋሼ!»

«ብትተኩስ ከየት ምን እንደሚመለስልህ ታውቃለህ?»

ያውቃል። በዚህ ዘመን በገበያ መካከል የተተኮሰ አንድ ጥይት ብቻውን አይቀርም። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገው።

ወደ ቄሱ ሮጥሁ። በእኛ አገር ቄስ መስቀሉን አንሥቶ «ገዝቻለሁ» ካለ የተነሣ ዱላ ይወርዳል፤ ደመኞች ሲለያዩበት አይቻለሁ። ቄሱ ካቆምኋቸው ቦታ አልተነቃነቁም።

«አባ፣ ይገዝቱ እንጂ! ሰው እየሞተ ነው!»

ሲያዩኝ ዐይናቸው ባዶ ነበር። «በየትኛው አፌ ልገዝት?» አሉኝ። «እሑድ ከዚያ ወጥ በልቻለሁ። በዚያ አፌ ቀድሼበታለሁ።»

ባለሱቁ መጮሁን ያቆመው በዚያን ጊዜ ነው። ሰው መጮሁን ሲያቆም ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀረው ሐኪም ባልሆንም እገምታለሁ። ከሁሉ ይልቅ የገባኝ ግን ይህ ነው፤ ይህ ሰው የሚሞተው በአከፋፋዩ ሞራ ሳይሆን በእኔ ክር ነው።

የጤፍ ጆንያ ላይ ወጣሁ። የተከፈተው ጣሳ በእጄ ነበር።

«ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። «ስሕተቱ የእኔ ነው! ስሙኝ! የሸተተው ክሩ ነው! ክሩን የጠቀለልሁበት ጨርቅ ትናንት ሞራ ስመረምርበት የዋልሁበት ነው! ቅቤው የአትክልት ነው!»

የቅርቦቹ ዞሩ፤ የሩቆቹ አልሰሙም። ሁለት ጣቴን በጣሳው ውስጥ ከትቼ የቻልሁትን ያህል አወጣሁና በላሁ።

«እዩኝ! እኔም እንደናንተው ጿሚ ነኝ! በዚህ ዕድሜዬ ለማንም ብዬ የምገድፍ ሰው እመስላችኋለሁ?»

ደግሜ በላሁ። በረዶ የመሰለ ነገር ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ፤ አልወርድ አለኝ። በምላሴ ልልጠው ሞከርሁ፤ ፊቴ እንዳይጨማደድ ተጠነቀቅሁ። ሦስተኛ ጊዜ በላሁ። ከሽታው ሥር ሌላ መራራ ነገር ነበረበት፤ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ዱላዎቹ በየቦታቸው ቆሙ። በርበሬ ሻጯ ጣቶቼን ትኩር ብላ አየች።

«እንዴ! ታዲያ ያ ሽታ?»

«ክሩ ነው አልሁሽ። መነጽር የሚቀያይር ሽማግሌ በክርም ይሳሳታል።»

የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ እኔን አዩኝ፤ የሞራን ሽታ እንደማይስቱት እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ።

«ልቀቁት» አሉ። «ተሳስተው ነው። ዘይት ነው።»

እንዲህ አድርገን ሁለት ሽማግሌዎች ለአንድ ሰው ነፍስ ዋሸን። ባለሱቁን ከሳጅኑ ጋር ተሸክመን በመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ አጋደምነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው መንገድ ግማሹን ሳንጨርስ መኪናውን አስቁሜ ወረድሁና ትፋቱ ደም እስኪሆን ድረስ አስመለሰኝ።

ሐኪሞቹ ሰውየውን አተረፉት፤ ግራ ዐይኑን አልቻሉም። የትከሻው አጥንት ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ወደ ቁይ ሲመለስ የደበደቡት ሰዎች ራሳቸው ዶሮና እህል ይዘው ይቅርታ ጠየቁት፤ ማኅበሩም ከሙሴነቱ አላወረደውም። ዐይኑን ያጠፋው ሰው ሱቁን ሲጠግን ቆርቆሮ አቀብሎታል። ይህ ሁሉ የተደረገለት እኔ የአትክልት ቅቤ ነው ስላልሁ ነው።

የባለሱቁ ቃልና በጣሳዎቹ ላይ የነበረው ቁጥር ወደ አከፋፋዩ መጋዘን መሩን። መጋዘኑ ከደብረ ማርቆስ ዳር ሲሆን፣ ፍርድ ቤት የሰጠንን የብርበራ ትእዛዝ ይዘን ስንሄድ ሦስት ዘበኞች የቆመጥ ዱላ ይዘው ጠበቁን። በዚያ ዕለት ፖሊስ በቂ ሰው ይዞ ስለነበር ነገሩ አጭር ሆነ፤ ቢሆንም ሳጅኑ ከቁይ የተረፈለትን ግንባር እንደገና አስፈነከተ፤ ከዘበኞቹም አንዱ ሁለት ጥርሱን ከመሬት ለቅሞ ሄደ። አከፋፋዩ ወፍራም፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። እጁ በካቴና ሲታሰር አልተቆጣም።

«አባባ» አለኝ በፈገግታ፣ «ቁይ ላይ በሁዳዴ የበሉት የእኔን ቅቤ አይደለም? ጥሩ ነው ብለውም መስክረውልኛል።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ።

የናሙናው ውጤት ከባሕር ዳር ሲመጣ ከጠበቅሁት የከፋ ነበር። ሞራው ከታረደ ከብት በቀጥታ የተወሰደ አይደለም። ከቆዳ ላይ ተፍቆ የወጣ ትርፍራፊ ተቀቅሎ የተጣራ ሲሆን፣ ቆዳው የተነከረበት ኬሚካል ቅሪት አልለቀቀውም። በመጋዘኑ ውስጥ ጣሳው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ወደ ደምበጫና ወደ ሉማሜ የሚሄደው ተለይቶ ተጭኗል። አከፋፋዩ በነጻ ከተለቀቀ ይህ ሁሉ ዕቃ ይመለስለታል።

ከችሎቱ ቀን በፊት በነበረው ቀን ባለሱቁ ቤቴ መጣ። ጎመኑ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የጠፋውን ዐይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖታል። እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ነገ ጠበቃው ስለ ቁይ ይጠይቅዎታል አሉ።»

«ይጠይቀኛል።»

«ምን ሊሉ ነው?»

«ምን እንድል ትፈልጋለህ?»

«ያን ቀን ያሉትን። ሌላ አልፈልግም። እኔ እኮ ሞራ መሆኑን አውቃለሁ። ሚስቴም ታውቃለች። የበሉትም ቢሆኑ በሆዳቸው ያውቁታል መሰለኝ። ግን በአፍ አልተነገረም። በአፍ ከተነገረ አንድ ዐይን ነው የቀረኝ።»

«መጋዘኑ ሙሉ ነው። ከቆዳ የተፋቀ መርዝ ነው። ሕፃን የሚበላው ነው።»

«እኔም ልጆች አሉኝ ጋሼ።»

ቃል አልሰጠሁትም። ቃል አልሰጥህም ብዬም አልነገርሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሲሄድ የግቢውን በር እጀታ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ያዘው።

በነጋታው ዐቃቤ ሕጉን ምስክርነቴ በዝግ ችሎት እንዲሰማ አስጠየቅሁት። ዳኛው ምክንያቱን አዳምጠው አልተቀበሉትም፤ የሕዝብ ጤና የሚነካ ጉዳይ በግልጽ ሊታይ ይገባል አሉ። በሕግ ረገድ ልክ ናቸው። ማልሁ። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ቤተ ሙከራው ውጤት ተናገርሁ። ተከላካይ ጠበቃው ወጣት ነው፤ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጀመረ።

«አባቴ፣ በሙያዎ ስንት ዘመን እንደ ቆዩ ሁላችንም እናውቃለን። በቁይ ገበያ ይህንኑ ቅቤ መርምረው የአትክልት ነው ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«በሁዳዴ በልተውታል?»

«በልቻለሁ።»

«በሕዝብ ፊት፣ ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እንግዲህ ይንገሩን። የዋሹት ያን ጊዜ ነው፣ ወይስ ዛሬ ከማሉ በኋላ?»

ከምስክር መቆሚያው ወደ ሕዝቡ ወንበር አየሁ። ባለሱቁ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ከቁይ የመጡ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ጠበቃው ይጠብቃል። ዳኛው «ጥያቄውን ይመልሱ» አሉኝ።

«ያን ጊዜ» አልሁ። «ቁይ ላይ የበላሁት ሞራ ነው። ሞራ መሆኑን እያወቅሁ ነው የበላሁት። ዘይት ነው ያልሁት ሰው ሲገደል ቆሜ ማየት ስላልቻልሁ ነው። ባለሱቁ የተጻፈለትን አምኖ ሸጠ፤ አምኖ በላ። ይህ ሁሉ በቃሌ ላይ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ።»

የመጨረሻውን ለችሎቱ አልነበረም የተናገርሁት። ለዚያ ስልክ ነበር። ባለሱቁ ግን አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየሁት።

ከችሎት እንደ ወጣሁ ሳጅኑን ያዝሁትና በመኪና ወደ ቁይ ሄድን፤ ባለሱቁም ከኋላ ተቀምጧል። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ለማውጣት ነው። ስልክ ከመኪና ይፈጥናል። ስንደርስ ሱቁ ተሰብሮ ነበር፤ ያ የተጠገነው ቆርቆሮ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ወድቋል። ሚስቱ ልጆቿን ከአልጋ ሥር አስገብታ በሩን በወፍጮ ድንጋይ ደግፋ ቆይታለች። ሳጅኑ በሩን ሲያንኳኳ «ማን ነህ? እናትህ ማን ትባላለች?» ብላ ስም አስጠራችው። ልብስ የያዘ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ጭና ወጣች። የገበያውን ጥግ ስንታጠፍ የመጀመሪያው ድንጋይ መጣ፤ ሁለተኛው የኋላውን መስተዋት አረገፈው። ልጆቹን ከወንበር ሥር ገፋናቸው። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ነዳ። ሦስተኛው የሳጅኑን ትከሻ መታ፤ ከዚያ ወዲያ የመታንን አልቆጠርሁም። አንድ ሰው ሽመሉን በተሰበረው መስኮት አስገብቶ ባለሱቁን በጎኑ ወጋው፤ ሚስቱ ሽመሉን በጥርሷ ነክሳ ያዘችው፤ መኪናው ሲፈጥን ከሰውየው እጅ ሾለከና ከእኛ ጋር ቀረ።

ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ከደረስን በኋላ ሴትዮዋ ከጭኗ ላይ መስተዋት እየለቀመች በመስኮት ትጥል ጀመር። ድዷ ይደማል።

«ያን ጊዜ ዋሽተው አዳኑት» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ዛሬ እውነት ተናግረው ከቤቴ አስወጡኝ። ሁለተኛ ስለ እኛ ምንም አይናገሩ።»

«እሺ» አልኋት።

«እሺ ማለቱንም ይተዉት።»

አከፋፋዩ ተፈረደበት። ፍርዱ በቂ ነው አይደለም የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም። ፍርድ ቤቱ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲወገድ አዘዘ፤ አወጋገዱን እንድቆጣጠር የተመደብሁት እኔ ነኝ። ከከተማው ውጪ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። የታሸገ ጣሳ ሳይበሳ ወደ እሳት ከተጣለ ይፈነዳል፤ ሳይበሳ ከተቀበረ ደግሞ ሰው ቆፍሮ ያወጣውና መልሶ ይሸጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣሳ በዶማ ይበሳል፤ ከዚያ ይቃጠላል፤ ከዚያ ይቀበራል። ለዚህ ሥራ የቀን ሠራተኞች ተቀጥረው ነበር።

ባለሱቁ በሁለተኛው ቀን መጣ። አሁን ደምበጫ ከአንድ የእህል መጋዘን ተቀጥሮ ጆንያ ያወርዳል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ሰላም አላለኝም። ከሠራተኞቹ አንዱን «ዶማህን አውሰኝ» አለውና ተቀበለው።

የመጀመሪያውን ጣሳ ሳተው፤ ዶማው ከጎኑ መሬት ላይ ተተከለ። በአንድ ዐይን የሚያይ ሰው የነገር ርቀት ይምታታበታል። ሁለተኛውን በጫፉ ነካው፤ ጣሳው ተሽከርክሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሦስተኛውን ሲስት ዶማው ድንጋይ መታና እጁን አንዘፈዘፈው፤ ጠማማው ትከሻው ሲያመው ከንፈሩን ነከሰ። «ጋሼ፣ እግር ሊቆርጥ ነው፤ ይንገሩት» አለኝ የሠራተኞቹ አለቃ።

ወደ እርሱ ሄድሁ። ከክምሩ አንድ ጣሳ አንሥቼ መሬት ላይ አስቀመጥሁና በሁለት ጫማዬ መካከል አጥብቄ ያዝሁት።

«እዚህ ነው» አልሁት። «ወደ ድምፄ ምታ።»

«እግርዎን ያንሡ።»

«አላነሣም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዶማውን ከራሱ በላይ አነሣ።